የአባዬን ደብተሮች ለማስረከብ ወደ ስማዳና እስቴ

አንደኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፤ ንፋስ መውጫ

የንፋስ መውጫ የጥር ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል። እኔና አባዬ መናኸሪያ ስንደርስ እኔ ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር። አባዬ ትከሻው ላይ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን፣ ብብቱ ሥር የላፕቶፕ ቦርሳ ይዟል። አሥረኛ ክፍል ነኝ። የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ጨርሼ እረፍት ላይ ስለሆንኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምኜው በመጨረሻ «በይ እሺ፤ መንገድ ላይ ግን እንዳታማርሪ» ብሎ ፈቀደልኝ።

የጉዟችን ምክንያት ርክክብ ነው። አባዬ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት መረጃ ሲሰበስብ ኖሯል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያዎች እየዞረ እህል ስንት እንደዋለ፣ ከብት በስንት እንደተሸጠ፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ የትኛው መንገድ በክረምት እንደተቆረጠ ይጽፋል። የጻፈው ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ከኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ይሄዳል። አሁን ድርጅቱ ከአካባቢው ሊወጣ ነው። ከእንግዲህ መረጃውን የሚሰበስቡትም የሚይዙትም ወረዳዎቹ ራሳቸው ናቸው። የላይ ጋይንቱ ርክክብ ባለፈው ሳምንት ስላለቀ ስማዳና እስቴ ቀርተዋል።

ቢሮው ባዶ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናው ሄደ፣ ጠረጴዛው ሄደ፣ ግድግዳውን ሞልቶ የነበረው ካርታም ተጠቅልሎ ሄደ። ሕፃን ሳለሁ እናቴ ጉዳይ ሲኖራት አባዬ ጋ ታስቀምጠኝ ነበር። ያኔ ካርታው ላይ የተሰኩት ባለቀለም ስፒሎች ወፎች ይመስሉኝ ነበር። «ቀዮቹ ወፎች ዛሬ የት አደሩ?» ስለው አባዬ ሳይስቅ «ስማዳ ቆላ» ይለኛል። ቀዩ ስፒል ችግር ያለበት ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት አባዬ በእጁ የጻፈባቸው ደብተሮች ናቸው። ስምንት መሆን ነበረባቸው፤ አምስቱ የስማዳ፣ ሦስቱ የእስቴ። ከአንባቢ አልደብቅም፤ ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ሰባት ናቸው። ስምንተኛዋ፣ ቀይ ልባስ ያላት፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ በሹራብ ተጠቅልላለች። አምስት ዓመቴ ሳለ አባዬ አንድ ጊዜ የስማዳ ከተማ ወደሆነችው ወገዳ ገበያ ወስዶኝ፣ ዝም እንድል ብሎ እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ፣ እሷ ደብተር ላይ በሬ ስያለሁ። አምስት እግር አለው፤ አምስተኛው ጭራው ነው። አንገቱ ላይም ያለቦታው የሳልኩት ክብ ዓይን አለ። ወረዳው የእኔን በሬ ምን ያደርግለታል ብዬ ማታ ከካርቶኑ አወጣኋት።

የሚኒባሱ ረዳት ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ካርቶኑን ሊያነሳ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ነው እንዴ?»

«ወረቀት ነው።»

«ወረቀት ነው እንዲህ ወገብ የሚቆርጠው?»

«የተጻፈበት ስለሆነ ነው» አለ አባዬ።

ለሰው ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ለካርቶኑ ሃምሳ ብር ተባልን። ካርቶኑ ጣሪያ ላይ ይውጣ ቢባል አባዬ እምቢ አለ። እግሮቹ መካከል አድርጎ እስከ ወገዳ ድረስ በጉልበቶቹ አቅፎት ሄደ።

በመንገድ ላይ

አስፋልቱን ትተን ጠጠሩን ስንይዝ ሁላችንም እንደ ቆሎ መንገጫገጭ ጀመርን። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ እናት እኔ ስጽፍ አይተው «ምን ትጽፊያለሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ያየሁትን እማማ።»

«እኔንም ጻፊኝ። ግን ተመችቷት ተቀምጣለች ብለሽ እንዳትዋሺ።»

እነሆ ጽፌያቸዋለሁ፤ አልተመቻቸውም ነበር።

በደጋው ገብስ ገና እየተወቃ ነው። አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ጭዱን ነፋስ ይወስደዋል፣ ክምሩ ከሩቅ ሲያዩት ጎጆ ይመስላል። አባዬ መንገዱን በመስኮት አያይም፤ ከመድረሱ በፊት ያውቀዋል። «አሁን ድልድይ ይመጣል» ይላል፤ ድልድዩ ይመጣል። «እዚህ ኩርባ ላይ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ ገበሬዎች በስድስት በሬ ነው ያወጧት። ሾፌራችን ቀንበሩን ሳመው።» እየሳቀ ነው የሚነግረኝ፤ ግን እያንዳንዱን ኩርባ እንደሚሰናበት ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ያየው ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ከዚህ መንገድ ሲመለስ ኮቱ አቧራ አቧራ ይሸት ነበር። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

መኪናው ለጎማ ሲቆም በሶ በማር በጥብጠን ጠጣን። እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ለቀቀ፤ እኔም ጋቢዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ላይ ደረብኩት። ቦርሳዋ ውስጥ ያለችው ግን ቀልቤን አላስቀምጥ ትለኝ ጀመር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ወገዳ

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ የተቀበለችን ፍቅርተ የምትባል የመረጃ ባለሙያ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛለች፤ በዚያ ብቻ ወደድኳት።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ አዳነ! ልጅዎ ናት? ረዳት ይዘው መጡ በሉኛ።»

«ትርሲት ትባላለች። ተቆጣጣሪዬ ናት» አላት አባዬ።

የርክክብ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ላፕቶፕ አንድ፣ በመኪና ቀድመው የደረሱ ፕሪንተር አንድና የወረዳው ካርታ አንድ፣ ፍላሽ ሁለት። አባዬ ካርቶኑን ፈትቶ ደብተሮቹን ሲያወጣ ፍቅርተ ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች።

«ደብተር የሚል መስመር የለም እኮ።»

«ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ደብተሮቹን አያውቋቸውም» አለ አባዬ።

ፍቅርተ አልሳቀችም። ፋይሉ ቀድሞ ስለተላከላት ስታጠናው ነው የከረመችው። ላፕቶፑን ወደ አባዬ አዞረች። «በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ የበግ ዋጋ ይወርዳል። ይኼ ገብቶኛል፤ እኔም ጾመኛ ነኝ።»

አባዬ እዚህ ላይ ከት ብሎ ሳቀ። አንድ ዓመት ዋና ቢሮው በመጋቢት «የበግ ዋጋ ወድቋል፤ ሰው ተቸግሮ ከብቱን እየሸጠ ነው ወይ? አስቸኳይ መልስ!» ብሎ ጻፈለት። አባዬም በሁለት ቃል «ጾም ነው» ብሎ መለሰ። እነሱ ጎበዞች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ መጋቢትን የጾም ወር ብለው አሰሩት። በቀጣዩ ዓመት ጾሙ ወደ ሚያዝያ ሲሻገር እንደገና «አስቸኳይ!» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ አባዬ በየዓመቱ የጾሞቹን መግቢያና መውጫ ከሚያውቅ ሰው እየጠየቀ ደብተሩ ራስጌ ላይ መጻፍ ጀመረ።

«ይኼኛው ግን አልገባኝም» አለች ፍቅርተ። ጣቷ አንድ ጥቅምት ላይ አረፈ። «ጥቅምት ጾም አይደለም። የበሬ ዋጋ ወድቋል። በታኅሣሥ እርዳታ ደርሷል ይላል፤ ሰው ሳይጎዳ በጊዜ ደርሷል። እናንተ በጥቅምት ምን አይታችሁ አወቃችሁ? ቁጥሩ አይነግረኝም። ነገ እኔ ብቻዬን ገበያ ስቆም ምን እንደማይ ካላወቅሁ፣ ይኼ ሁሉ ኮምፒውተር ምን ይሠራልኛል?»

«ደብተሩ ላይ አለ» አለ አባዬ በኩራት። እጁን ሰደደ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። የእስቴዎቹን ሦስቱንም አውጥቶ አየ፤ ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው።

«ቀይ ልባስ ነበራት። ትርሲት፣ ቀይዋን አይተሻታል?»

«አላየሁም» አልኩ።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«በቃል ይንገሩኝ እንጂ» አለች ፍቅርተ፤ ልታጽናናው ፈልጋ ነው።

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «በቃል ብነግርሽ ግማሹ የዚያ ዓመት፣ ግማሹ የሌላ ዓመት ይሆናል። ዕድሜዬን ሙሉ ነው እዚህ የዞርኩት፤ ሁሉም ተቀላቅሏል። ትዝታ መረጃ አይሆንም።»

ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ ከፍላሹ በታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የማስታወሻ ደብተር አራት። አንድ ጎድሏል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፍቅርተ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ዛሬ አይፈረምም። ነገ ገበያ ነው፤ ከገበያ በኋላ እንፈርማለን።»

ማታ ሽሮ በማሽላ እንጀራ ቀረበልን። ወገዳ ድረስ እየሳቀ የመጣው አባዬ ካርቶኑን እንደገና ፈትቶ ቆጠረ። እኔ ቦርሳዬን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት።

ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ወገዳ ገበያ

ገበያው ከሁሉም አቅጣጫ ሲሞላ ከኮረብታ ላይ ማየት ደስ ይላል። አህያ በጭነት፣ ዶሮ በእግሯ ተንጠልጥላ፣ የቆላው ማሽላ፣ የደጋው ገብስና ባቄላ። ፍቅርተ አዲስ የገዛችው ደብተር ይዛ መጣች። አባዬ መጀመሪያ የወሰዳት ከብት ተራ አልነበረም፤ ከዋርካው ሥር ጭራቸውን ይዘው ወደተቀመጡ ሽማግሌ መሪጌታ ነው። የኔታ ኅሩይ ይባላሉ። በየዓመቱ ጾሞቹን ሲያሰሉለት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን እጅ ነሳናቸው።

«አዳነ፣ መኪናህ የት አለች?»

«ተረከቧት የኔታ።»

«እግርህንስ?»

«እግሬ ቅጹ ላይ የለም።»

«እግዜር ይመስገን፤ እሱስ ቢሆን ያረጀ ነው፣ የሚረከብህ አታገኝም» ብለው ሳቁበት። አባዬ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ፍቅርተን በክንዷ ይዞ ወደ ፊት አቀረባት። «የኔታ፣ ከእንግዲህ የምትጠይቅዎት እሷ ናት። እኔን እንደታገሡኝ ይታገሷት።»

እኔ ርክክብ ማለት ወረቀት ላይ መፈረም ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን አባዬ ወዳጁን ነበር የሚያስረክበው።

የኔታ በባሕረ ሐሳቡ ስሌት አበቅቴ፣ መጥቅዕ እያሉ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና የሁዳዴንና የሐዋርያትን ጾም መግቢያ ለሚመጡት ዓመታት አንድ በአንድ ነገሯት። ፍቅርተ በስልኳ መጻፍ ስትጀምር ተቆጡ።

«ስልክ ይጠፋል ልጄ! ወረቀት ላይ ጻፊው።»

«ወረቀትም ይጠፋል እኮ የኔታ» አለች ፍቅርተ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይባስ ብለው የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ያቺ አንገት ዳሳሿ አይደለችም?»

አባዬም እኔም አልገባንም።

«ረሳኸው እንዴ አዳነ? ትንሽ ልጅ ሆና ይዘሃት የመጣህ ጊዜ! በጥቅምት ነበር። ከብት ተራ ውስጥ ከፍ አድርገሃት፣ የአንዱን በሬ አንገት ዳሰሰችና ‹አባዬ፣ ለምን እዚህ ጋ ጸጉር የለውም?› አለች። አንተ ደንግጠህ ቆምክ። ከዚያ ከበሬ በሬ እየዞርክ አንገት ስትዳስስ ዋልክ። እኛማ ፀሐይ መትቶት አበደ ብለን ነበር።»

አባዬ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «አዎ… አዎ! የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ስንት ዓመት በፊቴ ሲያልፍ ዋጋውን ብቻ ነበር የምጽፈው።» ወደ ፍቅርተ ዞረ። «ቀንበር የሚያርፍበት ቦታ ጸጉሩ ያልቅና ቆዳው ይደነድናል። ያረጀ በሬ መሸጥ ወግ ነው። ጎልማሳ በሬ፣ ዘንድሮ ያረሰ፣ ጥቅምት ላይ ገበያ ከቆመ ግን ባለቤቱ ለሚቀጥለው ክረምት በምን ሊያርስ ነው? እንዲህ ዓይነት ስንት ነበሩ? ከየት ቀበሌ መጡ? ይኼን ነው የማላስታውሰው። ያቺ ደብተር ላይ ነው ያለው።»

ለካ የእኔ በሬ አንገት ላይ ያለው ክብ፣ ዓይን ሳይሆን ቀንበር ጸጉሩን የጨረሰበት ቦታ ነው።

ወዳደርንበት አልጋ ቤት ሮጥኩ። ሹራቡን ፈታሁ። ተመልሼ ስመጣ ሦስቱም እዚያው ዋርካው ሥር ነበሩ። ደብተሯን በሁለት እጄ ለአባዬ ዘረጋሁለት።

«እኔ ነኝ የወሰድኳት። ሥዕሉን ስለወደድኩት ነው።»

አባዬ ተቀብሎ ቀይ ልባሷን በመዳፉ ጠረገ። «ዋሽተሽኛል» አለ ቀስ ብሎ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍቅርተ ደብተሯን ተቀብላ ገለጠች። በሬው ወጣ፤ አምስት እግሩን፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ክብ አይታ ፊቷ በራ። «ታድያ ሥዕሉን ቅደጂና ውሰጂው። ለእኔ ጽሑፉ ይበቃኛል።» እውነት ለመናገር ልቤ ዘለለ። ገጹን በጥንቃቄ ልቀድ ይዤ ገለበጥኩት። በጀርባው የአባዬ ጽሑፍ ነበር፦ «ሁሉም ከቆላ የመጡ። ጎልማሳ በሬዎች፤ አንገታቸው የደነደነ። ሻጮቹ ዋጋ አይከራከሩም፤ የተባሉትን ይቀበላሉ።» ከዚያ በታች የቀበሌዎቹ ስም ተዘርዝሯል።

«ዋጋ አይከራከሩም» የሚለውን ፍቅርተ ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የወገዳ ገበያተኛ ሳይከራከር የሚሸጠው ሲጨንቀው ብቻ ነው።

ገጹን አልቀደድኩትም። ደብተሯን ከደንኩና ሰጠኋት።

ከሰዓት ጽሕፈት ቤት ተመለስን። አባዬ «አራት» የሚለውን ሰርዞ «አምስት» አደረገው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውንም በአንድ መስመር ሰረዘ። «አስረካቢ» ከሚለው ፊት እሱ፣ «ተረካቢ» ከሚለው ፊት ፍቅርተ ፈረሙ። «እማኝ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። አባዬ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ። ፊርማ ስለሌለኝ ሙሉ ስሜን ከእነአያቴ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ቀን፤ እስቴ

ከወገዳ ወደ እስቴ የሄድነው በአንድ አይሱዙ ጋቢና ነው። ሾፌሩ እስከ እስቴ ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ ድረስ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው። ካርቶኑ ቀልሎ ነበርና አሁን እኔ ታቀፍኩት። እስከ ግማሽ መንገድ ከአባዬ ጋር አልተነጋገርንም። ከዚያ «አሁን ኩርባ ይመጣል» አለኝ። ኩርባው መጣ። በዚያች ኩርባ ታረቅን።

መካነ ኢየሱስ ዳቦ በልተን ሻይ ጠጥተን ወደ ወረዳው ቢሮ ሄድን። እዚህ ያሉት ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ደብተሮቹን ሲያዩ አልገረማቸውም። «ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እኛንም ያኖረን ወረቀት ነው። አምጣቸው» አሉ። አባዬ ስለ ጾሙና ስለ በሬው አንገት ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተና ወደ እኔ አየ። «አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ። ነገርኳቸው። አንድም ነገር ሳልዘል፣ የኔታና አባዬ እንዳሉት፣ ቆላውንም ደጋውንም። ስጨርስ «ይህቺን ልጅም ታስረክበናለህ ወይ?» ብለው አባዬን ጠየቁት።

«ቅጹ ላይ የለችም» አለ አባዬ።

ወደ ቤት

በማግሥቱ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በሚኒባስ የጉናን ብርድ አቋርጠን ንፋስ መውጫ ገባን። ባዶውን ካርቶን እናቴ የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው። ሳሎናችን ውስጥ ደብተሮቹ የነበሩበት መደርደሪያ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ከሥሩ ሳልፍ ዓይኔ ወደ ቀይዋ ቦታ ይሄዳል። ትናፍቀኛለች። ሆኖም እኔ ጋ ብትሆን ሥዕል ብቻ ነበረች፤ ወገዳ ስትሆን ሥራ ላይ ናት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼን ነው፤ የምንወደውን ነገር ለሚሠራበት ሰው መስጠት እንደሚያም፣ ግን ሕመሙ ደስ የሚል እንደሆነ።

አባዬ አሁን ሥራ የለውም። ሁዳዴ ከገባ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከልማዱ ተነስቶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ክሩን አስሮ፣ በር ላይ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የሚሄድበት የለውም። እናቴ አይታው ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ስልኩ ጠራ። አባዬ አንስቶ ጥቂት አዳመጠና ለእኔ ሰጠኝ። «አንቺን ናት የምትለው።»

ፍቅርተ ነበረች፤ ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። «ትርሲት፣ ከብት ተራ ነኝ። በግ ረክሷል፤ ጾም ብዬ ጽፌዋለሁ። አንድ ጎልማሳ በሬ ግን ፊቴ ቆሟል። አንገቱን የቱ ጋ ነው የምዳስሰው?»

«ከሻኛው ፊት፣ ከላይ በኩል» አልኳት።

ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት። አባዬ ከበርጩማው ሳይነሳ ጆሮውን አዘነበለ። የበሬው ባለቤት «ምን ልታደርጊው ነው?» ሲላት ሰማን።

«ጸጉር አለው» አለች ወዲያው። «ለስላሳ ነው። ለፋሲካ የደለበ ነው፤ ባለቤቱም ዋጋ አልቀንስም ብሎ እየጮኸብኝ ነው!»

አባዬ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ።